ባለቤት ያጣ ጨረራ

በሴፕቴምበር 1987 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ በተባለች ከተማ ሁለት ወጣቶች ባዶ ከቀረ ሕንፃ ገብተው አንድ ከባድ የብረት ዕቃ ነቀሉ። ሕንፃው ቀድሞ የግል የካንሰር ሕክምና ተቋም ነበር። ተቋሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አንዱን የጨረር ሕክምና ማሽን እዚያው ትቶት ሄዷል፤ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤትም አላሳወቀም። ወጣቶቹ የነቀሉትን በእጅ ጋሪ ገፍተው ወደ ቤት ወሰዱት። የዚያኑ ቀን ያስመልሳቸው ጀመር፤ የበሉት ነገር ያልተስማማቸው መሰላቸው። ከቀናት በኋላ ብረቱን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት።

ነጋዴው ማታ ላይ ከብረቱ መሃል ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። ገረመውና ወደ ቤቱ አስገባው። ዘመድ አዝማድ፣ ጎረቤት እየመጣ ተመለከተለት። ከውስጡ የወጡ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ቅንጣቶችን ለወዳጆቹ አደለ፤ ዱቄቱን ገላቸው ላይ የተቀቡም ነበሩ። ወንድሙ ጥቂት ይዞ ሄደ፤ የስድስት ዓመት ልጁም ዱቄቱን በነካካችበት እጇ ምግብ በላች።

ቤተሰቡ አንድ በአንድ ሲታመም ነገሩን የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ናት። ዕቃውን በከረጢት አድርጋ፣ ከአንድ ሠራተኛ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ከረጢቱን ከክፍሉ አስወጥቶ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ለዩራኒየም ፍለጋ የሚያገለግል መለኪያ ተውሶ ሲሄድ፣ ገና ከሐኪም ቤቱ ሳይደርስ የመለኪያው ንባብ ጣሪያ ነካ፤ ወደየትም ቢያዞረው አልወርድ አለ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ሐኪም ቤቱ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን አንስተው ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ሲሰናዱ አገኛቸው። አስቆማቸው።

ስለ ኒውክሌርና ጨረራ ሽብር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሰላዮች፣ ስለ ሚሳኤልና ስለ ኮማንዶ ነው። እኔ ግን መነሻ የማደርገው ይህን ሰው ነው። መለኪያ በእጁ የያዘ፣ የመለኪያውንም ንባብ የሚረዳ አንድ ሰው በሰዓቱ ባይደርስ ኖሮ ሲዚየም-137 የተባለው ይህ ጨረራ አመንጪ ቁስ ከወንዝ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። መንግሥት ሕዝቡን በከተማዋ ስታዲየም ሰብስቦ መረመረ፤ ከ112,000 በላይ ሰዎች ተለኩ። ከእነዚህ 249ኙ ጨረራ አመንጪው ዱቄት ገላቸው ወይም ልብሳቸው ላይ ወይም ሰውነታቸው ውስጥ ተገኘባቸው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃኗና ዕቃውን ሐኪም ቤት ያደረሰችው ሴት ከእነሱ መካከል ናቸው። ሰባት ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተዛቀ፣ 3,500 ሜትር ኩብ ገደማ ቆሻሻ ተለቅሞ ተቀበረ። ሕፃኗ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ስትቀበር ሕዝቡ ድንጋይ እየወረወረ ቀብሩን ተቃወመ። በሌሎች የብራዚል ከተሞች ከጎያኒያ የመጣ ሰውና ዕቃ የሚቀበል ጠፋ። ይህን ሁሉ ያደረሰው የጨረራ ምንጭ ክብደቱ 93 ግራም ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰውን ልጉዳ ብሎ የተነሳ አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ ሰውን መጉዳት የሚፈልግ ቢገኝስ? ጥያቄው የሐሳብ ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 1995 የቼቼን ተዋጊዎች በሞስኮ ኢዝማይሎቮ መናፈሻ ሲዚየም የያዘ ጥቅል ቀበሩ፤ መሪያቸው ሻሚል ባሳዬቭም ቦታውን ለቴሌቪዥን ጣቢያ ጠቆመ። ጥቅሉ አልፈነዳም፣ ማንም አልሞተም። ዓለም ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨረራ የሽብር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ አየ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። «ቆሻሻ ቦምብ» የሚባለው ተራ ፈንጂን ከጨረራ አመንጪ ቁስ ጋር ያጣመረ ነው። የአቶም መሰንጠቅ የለበትም፤ ሂሮሺማን የሚያህል እሳት አይወጣውም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚገድለው ፍንዳታው እንጂ ጨረራው አይሆንም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የተበከለ ሰፈር ለዓመታት ይዘጋል፣ ሰው ቤቱን ይጥላል፣ ገበያ ይቆማል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይሸሻል። ሁለተኛው የኒውክሌር ቦምብ ራሱ ነው። ይህ የመድረሱ ዕድል እጅግ ያነሰ ነው፤ ከደረሰ ግን ከተማ ያጠፋል። የሁለቱ መከላከያ ይለያያል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ሽብርተኛ ፈንጂ ሊሠራ ይችላል፤ ሲዚየምን፣ ኮባልትን፣ የበለጸገ ዩራኒየምን ግን በጓሮው አይሠራም። እነዚህ ቁሶች የሚወጡት ከሬአክተርና ከግዙፍ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ መስረቅ ወይም መግዛት አለበት። በሩን እዚያው መዝጋት ከተቻለ የቀረው መንገድ ሁሉ ይዘጋል።

ዩራኒየምን እንመልከት። ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ ለቦምብ የሚሆነው ዩራኒየም-235 ድርሻው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ብልጽግና ያለው ይባላል፤ ለጦር መሣሪያ የሚመረተው ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። ይህን ማድረግ የሚችሉ ፋብሪካዎች ግዙፍ ናቸው፣ ገንዘባቸውም የመንግሥት ገንዘብ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ዓለምን ያስጨነቀው ታዲያ ፋብሪካው ሳይሆን ፋብሪካው አስቀድሞ አምርቶ ያከማቸው ነበር። አጥሩ ረገበ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ዋጋ አጣ።

በ1992 ከሞስኮ አቅራቢያ በፖዶልስክ ከተማ፣ ሉች በተባለ ተቋም የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ያደረገውን ማወቅ ይህን ዘመን ለመረዳት ይበቃል። ለወራት፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ 1.5 ኪሎ ገደማ የበለጸገ ዩራኒየም ወደ ቤቱ አወጣ። በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ማንም አልነቃበትም፤ ምክንያቱም የተቋሙ ሒሳብ አያያዝ በሥራ ሂደት የተወሰነ መጠን እንደሚባክን አስቀድሞ ፈቅዷል፤ ሰውየውም የሚወስደው ከዚያ ከተፈቀደው ብክነት ላይ ነበር። የተያዘው በአጋጣሚ ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ባትሪ ሰርቀው ከሚፈለጉ ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ስለተገኘ ፖሊስ አብሮ ያዘው። ኋላ ሲጠየቅ የፈለገው ማቀዝቀዣና የጋዝ ምድጃ መግዛት እንደነበር ተናገረ። የየትኛውም ሽብርተኛ ቡድን አባል አልነበረም፤ የዋጋ ንረት ደመወዙን የበላበት ሠራተኛ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የወጣው ትምህርት ዛሬም የኒውክሌር ደኅንነት ባለሙያዎችን ከሚያሳስቡት ዋና ዋና ሥጋቶች አንዱ ነው፤ የውስጥ ሰው። አጥር የሚያግደው ከውጭ የሚመጣውን ነው። ቁልፍ የያዘውን የሚያግደው ሁለት ሰው ሳይገኝ ክፍሉ እንዳይከፈት የሚያዝ ደንብ፣ እስከ ግራም ድረስ የሚቆጥር መዝገብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ነው። በአሜሪካ ሴናተሮቹ ሳም ነንና ሪቻርድ ሉጋር በ1991 ያጸደቁት ሕግ ለዚህ ነበር ገንዘብ የመደበው፤ የትናንቱን ባላንጣ መጋዘን ለማጠር፣ የጦር መሣሪያውን ለማፍረስ። ለባላንጣ አጥርና ለባላንጣ በር ቁልፍ መክፈል ለብዙ ፖለቲከኛ የማይዋጥ ሐሳብ ነበር። ለእኔ ከቀዝቃዛው ጦርነት ፍጻሜ ወዲህ ከወጡት ሕጎች ሁሉ አስተዋዩ ይህ ነው።

ፍሬውም ታይቷል። በካዛኪስታን ኡስት-ካመኖጎርስክ ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ 600 ኪሎ ግራም ገደማ የበለጸገ ዩራኒየም በደካማ ጥበቃ ተቀምጦ ተገኘ። የካዛኪስታን መንግሥት ለአሜሪካ አሳወቀ፤ በ1994 የአሜሪካ ባለሙያዎች በምስጢር ገብተው ለሳምንታት ሲያሽጉ ቆዩና በግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች ወደ ቴነሲ ግዛት ወደ ኦክ ሪጅ ወሰዱት። ከ1993 እስከ 2013 ደግሞ ከሩሲያ የጦር መሣሪያዎች የወጣ 500 ቶን የበለጸገ ዩራኒየም ተበርዞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነዳጅ ሆነ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ አሥር በመቶ የሚሆነው ከዚህ ነዳጅ ይመነጭ ነበር። ለከተሞች ጥፋት የተሠራ ቁስ የከተሞች መብራት ሆኗል፤ ይህ እውነት ከሚገባው በታች ነው የሚነገርለት።

ሀብታም አገር ግን በራሱ ጥበቃ አይመካ። የካዛኪስታኑ ዩራኒየም የተወሰደበት ኦክ ሪጅ በጁላይ 2012 ምን እንደ ደረሰበት እንይ። የ82 ዓመት መነኩሲት ሜጋን ራይስ ከሁለት የሰላም ታጋዮች ጋር በሌሊት አጥር እየቆረጡ የበለጸገ ዩራኒየም ከሚከማችበት ሕንፃ ግድግዳ ደረሱ። ግድግዳው ላይ ጻፉ፣ በመዶሻ መቱት። አንዳንዶቹ ካሜራዎች ከተበላሹ ቆይተዋል። የማስጠንቀቂያ ደወሉ ጮኋል፤ ነገር ግን በየጊዜው በከንቱ ስለሚጮህ ጠባቂዎቹ ለምደውታል። የመዶሻውን ድምፅ የሰማም የጥገና ሠራተኞች መስሎታል። ሜጋን ራይስ ለአሥርታት በናይጄሪያና በጋና ያስተማረች፣ ማንንም የመጉዳት ሐሳብ ያልነበራት ሴት ነበረች። እሷ የደረሰችበት ቦታ ግን ሌላም ሊደርስበት ይችል ነበር። ገንዘብ ካሜራ ይገዛል፤ የተበላሸውን ካሜራ ዛሬውኑ የሚያስጠግን ልማድ ግን በገንዘብ አይገዛም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልበል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2004 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 1540 እያንዳንዱ አገር እነዚህ ቁሶች መንግሥት ባልሆኑ ቡድኖች እጅ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ እንዲያወጣ ግዴታ ጥሏል። በ2005 የኒውክሌር ሽብርን የሚከላከል ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። የኒውክሌር ቁሶች ጥበቃ ስምምነትም ተሻሽሎ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ። ከ2010 እስከ 2016 የአገራት መሪዎች አራት ጊዜ በዚህ ጉዳይ ብቻ ተሰብስበዋል። በመጨረሻው ጉባኤ ሩሲያ አልተገኘችም፤ የአሜሪካና የሩሲያ የጥበቃ ትብብርም ከዚያ በፊት በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር። ይህ መቋረጥ ከልብ ያሳዝነኛል። በዓለም ያለው የዚህ ቁስ ክምችት አብዛኛው በእነዚህ ሁለት አገሮች እጅ ነው፤ ሲኳረፉም ክምችቱ አይቀንስም።

አፍሪካ በዚህ በኩል የራሷን ሥራ ሠርታለች። በጋናና በናይጄሪያ ለምርምር የሚያገለግሉ ትንንሽ ሬአክተሮች በከፍተኛ ደረጃ በበለጸገ ዩራኒየም ይሠሩ ነበር። የጋናው ነዳጅ በ2017፣ በዛሪያ የሚገኘው የናይጄሪያው ደግሞ በ2018 ወጥቶ ወደ መጣበት ወደ ቻይና ተመለሰ፤ ሬአክተሮቹም ለቦምብ በማይሆን ዝቅተኛ ብልጽግና ባለው ነዳጅ ሥራቸውን ቀጠሉ። ተማሪውም ተመራማሪውም ያጣው ነገር የለም።

ሳይንስ ለደኅንነት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል፤ አደገኛውን ቁስ ከመጠበቅ ይልቅ የማያስፈልግ ማድረግ። ሲዚየምን እንውሰድ። የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ታማሚ ደም ሲሰጥ፣ የሰጪው ነጭ የደም ሕዋሳት የተቀባዩን ሰውነት እንዳያጠቁ ደሙ አስቀድሞ በጨረራ ይመታል። ለዚህ ሥራ በብዙ ሆስፒታሎች ሲያገለግል የኖረው ሲዚየም ክሎራይድ ነው። ሲዚየም ክሎራይድ እንደ ገበታ ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ከተበተነ ከሲሚንቶና ከአስፋልት ጋር ይጣበቃል፤ ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል። የጎያኒያውም ዱቄት ይኸው ነበር። ዛሬ ያንኑ ሥራ የኤክስሬይ ማሽን ይሠራዋል። የኤክስሬይ ማሽን ሲጠፋ ጨረራው አብሮ ይጠፋል፤ የሰረቀው ሰው የሰረቀው ብረትና ሽቦ ነው። ኖርዌይና ፈረንሳይ የሲዚየም ማሽኖቻቸውን በዚህ ተክተዋል፣ ጃፓንም በአብዛኛው ተክታለች። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች ከ2008 ጀምሮ ይህንኑ መክረዋል፤ አገሪቱም ማሽኖቹን እያስወገደች ነው። ማስወገዱ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሜይ 2019 በሲያትል ከተማ ከአንድ የምርምር ሕንፃ እንዲህ ያለ ማሽን ሲነሳ የታሸገው ምንጭ ተጎድቶ ጥቂት ሲዚየም አፈተለከ፤ 13 ሰዎች ተበከሉ፣ ሕንፃውም ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ይህ የሆነው በባለሙያ እጅና በፈቃድ ነው።

ወደ ካንሰር ሕክምና ስንመጣ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቆም ብዬ ልናገር። ኮባልት-60 የተገጠመለት የሕክምና ማሽን በጨረራ ሽብር ሥጋት ዝርዝር ውስጥ አለ። ምትኩ ሊኒያር አክስለሬተር ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ሲጠፋ ጨረራ የለውም። የሀብታም አገር ባለሙያ ኮባልቱን ጣሉትና ይህን ግዙ ይላል። ነገር ግን አክስለሬተር የማይቆራረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ መለዋወጫና ለጥገና የሠለጠነ መሐንዲስ ይፈልጋል። የኮባልት ማሽን መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ጭምር ይሠራል። እኛ አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ ያገለግል የነበረውም በኮባልት ማሽን ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ታማሚዎች ለወራት ተራ ይጠብቁ ነበር። በቅርብ ዓመታት አክስለሬተሮች በጥቁር አንበሳም በጅማም ሥራ ጀምረዋል፤ ይህ ለታማሚም ለደኅንነትም መልካም ዜና ነው። ለደኅንነት ተብሎ ግን ምትኩ ቆሞ ሳይሠራ ኮባልቱን ማንሳት ካንሰር ያለበትን ሰው ያለ ሕክምና መተው ነው። ሀብታም አገር ተቀምጦ የሚወጣ ፖሊሲ የአክስለሬተሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጄኔሬተሩንና የጠጋኙን ደመወዝም አብሮ መክፈል አለበት።

ኮባልትም ዘላለም አይኖርም። ኃይሉ በየአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ማሽኑ ባረጀ ቁጥር አንድን ታማሚ ለማከም የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፣ በመጨረሻም ምንጩ ይቀየራል። ለሕክምና ደከመ የተባለው ምንጭ ግን ሰውን ለመግደል አልደከመም። አደጋው የሚያንዣብበው እዚህ ነው፤ ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ሳይሆን ጡረታ ሲወጣ፣ መጋዘን ጥግ ላይ ሲረሳ፣ ወይም መንገድ ላይ ሳለ። በዲሴምበር 2013 ሜክሲኮ ውስጥ ያገለገለ የኮባልት ምንጭ ወደ ማከማቻ የሚወስድ የጭነት መኪና ነዳጅ ማደያ አጠገብ ተዘረፈ። ሌቦቹ የፈለጉት መኪናውን ነበር፤ ምንጩ ከመከላከያው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተገኘ። ስለዚህ ሆስፒታል የጨረራ ምንጭ ሲገዛ፣ ሲያረጅ ሻጩ መልሶ እንዲወስደው ገና ከመጀመሪያው በውሉ ማስፈር አለበት። ይህ አንድ አንቀጽ ከብዙ ዘበኛ ይበልጣል።

ሜክሲኮ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎም ትምህርት ነበራት። ከሲዩዳድ ሁዋሬዝ ከተማ አንድ የኮባልት ማሽን ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጦ፣ ከሌላ ብረት ጋር ቀልጦ፣ የግንባታ ፌሮ ብረት ሆነ። በጃንዋሪ 1984 ያን ብረት የጫነ መኪና መንገድ ስቶ ሎስ አላሞስ በሚገኘው የአሜሪካ የኒውክሌር ቤተ ሙከራ አጠገብ አለፈ፤ የበሩ የጨረራ መለኪያም ጮኸ። ነገሩ የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው። በዚያ ፌሮ ከተሠሩት ሕንፃዎች ከ800 በላይ የሚሆኑት በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መፍረስ ነበረባቸው።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ አንባቢ ነው። በአገራችን የሚወድቅ ብረት የለም፤ ቆራሌው ከየበሩ ይለቅመዋል፣ ቀጥቃጩ ድስትና ምድጃ ያደርገዋል፣ የቀረው ከብረት ማቅለጫ ይገባል። ይህ ሥራ ብዙ ቤተሰብ ያኖራል፤ መከበርም ይገባዋል። ስለዚህም የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች በራቸው ላይ የጨረራ መለኪያ እንዲኖራቸው ማድረግ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎችም ምልክቱን እንዲያውቁት ማድረግ የመንግሥት ሥራ ነው። ሰው ያገኘውን አምጥቶ ሲያሳይ ደግሞ ከየት አመጣኸው ተብሎ እንዳይታሰር በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ቅጣት የሚፈራ ሰው ያገኘውን ይደብቃል።

ምልክቱ በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው ነው። ብዙ ሰው ትርጉሙን ስለማያውቅ በ2007 ሌላ ተጨመረበት፤ በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የጨረራ ሞገድ፣ የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው የሚያሳይ። አንባቢዬ፣ ከእነዚህ አንዱን ከአሮጌ ብረት ላይ ካዩ፣ ወይም ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ እሳት ሳይነካው የሚሞቅ፣ በጨለማ የሚያበራ ብረት ካጋጠመዎ አይንኩት፣ አይክፈቱት፣ ወደ ቤት አያስገቡት። ራቅ ይበሉ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ለፖሊስ ወይም ለጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ነክተውት ከሆነ ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ዕቃውን ይዘው አይሂዱ፣ ያለበትን ቦታ ብቻ ይንገሩ። ይህን ለሰፈርዎ ቆራሌም ይንገሩት።